እንግዳ በመጣ ቁጥር ልጄን ዱካ ላይ ማቆም እንዲቀር ባለቤቴን ምን ብዬ ላስረዳው?

የሽምብጥ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። አምስት ዓመት የሞላት ልጅ አለችኝ። ብቻዋን ስትሆን አፏ አያርፍም። ጓሮ ካለው ማንጎ ሥር ተቀምጣ ለአሻንጉሊቷ ትዘፍናለች፣ ፊደል ታስቆጥራታለች፣ ተቆጥታ መልሳ ታባብላታለች። ሽንኩርት እየላጥሁ ስሰማት ደስታዬን አልችለውም።

እንግዳ ሲመጣ ግን ሌላ ልጅ ትሆናለች። ባለቤቴ «ነይ እስኪ፣ የተማርሽውን አሳያቸው» ብሎ ዱካ ላይ ያቆማታል። መጀመሪያ ፊደል፣ ቀጥሎ መዝሙር፣ ከዚያ እስክስታ። ቡናው በረካ እስኪደርስ መውረድ የለም። ስልኮችም ይወጣሉ።

ባለፈው እሑድ የጽዋ ማኅበሩ ተራ የእኛ ነበር። ቤቱ ሙሉ ሰው ነው። ከ«ሀ» ጀምራ «መ» ላይ ስትደርስ ጠፋባት። «ድገሚው» አላት። ሁሉም «አይዞሽ» ይላል፤ እሷ የቀሚሷን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች። ነጭ ካልሲዋ ሲረጥብ ያየሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። ነጠላዬን ጣል አድርጌባት አወጣኋት። ጓዳ እግሯን ሳጥባት «እማዬ፣ አባዬ ተቆጣ?» አለችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ማንጎው ሥር ድምፅ የለም።

ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም። እሱ በልጅነቱ ትልቅ ሰው ፊት እንዲናገር አይፈቀድለትም ነበር። «ልጄ እንደ እኔ አንገቷን ደፍታ እንዳታድግ ነው» ይላል። ይህን ሲለኝ መልስ አጣለሁ።

የሕፃናት መምህርት፦
እኅቴ፣ ልጅሽ ያጣችው ችሎታ የለም፤ የቀማናት ጨዋታዋን ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት የተባሉ ተመራማሪዎች ሥዕል የሚወድዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን መርጠው ለከፊሎቹ «ከሣላችሁ ሽልማት አለ» አሏቸው። ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ እነዚህ ልጆች በነፃ ጨዋታቸው ሰዓት ለሥዕል የሰጡት ጊዜ ከሌሎቹ በግማሽ ያህል ያነሰ ነበር። በእኔ እምነት የእንግዳ ጭብጨባም ሽልማት ነው።

ክፍል ውስጥ የማይናገር ልጅ ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ ለአንድ ጓደኛው በጆሮው እንዲነግር አደርጋለሁ። ቀጥሎ ለሦስት ልጆች። ወር ይፈጃል፣ ይፍጅ። ደግሞ እባካችሁ እሷ እየሰማች «ዓይናፋር ናት» አትበሉ።

የዘጌው፦
ልጄ፣ እኔ በባለቤትሽ አልፈርድም። ያደግሁት ዘጌ፣ የኔታ እግር ሥር ነው። ጮኾ ማንበብ ፍርሃቴን አስለቅቆኛል። ነገር ግን የኔታ ውርድ ንባብ የሚባለው የንባብ ደረጃ ሳይገራልን ወደሚቀጥለው፣ ወደ ቁም ንባብ፣ አያሻግሩንም ነበር። ስንሳሳት የሚያርመን ከእኛ ከፍ ያለ ተማሪ ነው፤ ለዚያውም ለብቻችን። እንግዳ ፊት አቁመውን አያውቁም። ለባለቤትሽ ይህን ንገሪው፤ አንደበት የሚፈታው እንዲህ ነው።

ያቺ ልጅ የነበርሁ፦
እኔም ዱካ ላይ ቆሜ ያደግሁ ነኝ። ዛሬ 27 ዓመቴ ነው፤ የውጭ በር ሲንኳኳ ሆዴ ይሸበራል። የተቀረጹትን ቪዲዮዎች ቲክቶክ ላይ የጫነ ሰው ካለ አስጠፊ። ለራሷ እንኳ ከ13 ዓመት በታች አካውንት አይፈቀድም፤ በእሷ ስም ማን ፈቀደ?

የሽምብጥ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። የየኔታውን ነገር ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝ። ትናንት ማታ ደግሞ ከሥራ ሲገባ ልጃችን ጓዳ ነበረች። አሻንጉሊቷን ዱካው ላይ አቁማ፣ ድምፅዋን እንደ እሱ አጎርንና «ድገሚው! ሰው እያየሽ ነው!» ትላታለች። በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን ሳያወልቅ ሰማት።

ቅዳሜ ሦስታችንም ወደ ሐይቁ ዳር ልንወርድ ነው። የቪዲዮዎቹን ነገር ገና አላነሣሁበትም።