ከሊስት በኢንዴክስ ስናጠፋ፦ ከኋላ እንጀምር ወይስ አዲስ ሊስት እንሥራ?

ጠያቂዋ፦ በፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) የሠራሁት ሊስት፣ ማለትም በተራ የተደረደረ ዝርዝር፣ 10፣ 20፣ 30፣ 40፣ 50 ነው። ኢንዴክስ (ከ0 የሚጀምር የቦታ ቁጥር) 1 እና 4 ላይ ያሉትን በተራ በዴል (del፣ የማጥፊያ ትእዛዝ) ላጠፋ ስል ሁለተኛው ላይ ኢንዴክስ ኤረር (እንዲህ ያለ ቦታ የለም የሚል ስህተት) ይመጣል። አምስት ቁጥር እያለ 4 የት ሄደ?

ከኋላ ጀምሪ ባዩ፦ የመጀመሪያው ዴል ነው ያጠፋው። 20 ሲወጣ ከኋላው ያሉት ሁሉ አንድ አንድ ቦታ ይጠጋሉ። 50 አሁን ኢንዴክስ 3 ላይ ነው። ኢንዴክሶቹን ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሪ። መጀመሪያ 4፣ ከዚያ 1። ከኋላ ስታጠፊ የፊተኞቹ ንቅንቅ አይሉም። በቃ፣ ሌላ ነገር አያስፈልግሽም።

አዲስ ሊስት ባይዋ፦ አልስማማም። ኤረሩ እኮ ውለታ ነው የዋለላት። 1 እና 3 ብላ ቢሆን ምንም ኤረር አይመጣም ነበር። 40 ጠፋ ስትል 50 ይጠፋል፤ 40 እዚያው ቁጭ ብሎ ይቀራል። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ከኋላ መጀመርም ሁልጊዜ አያድንም። እኔ አንዴ ከሚጠፉት ውስጥ 2 ሁለት ጊዜ ገብቶብኝ ነበር። ደርድሬ ከኋላ ነው የጀመርኩት። ኢንዴክስ 2 ላይ ያለው ጠፋ፤ ቀጣዩ መጥቶ ቦታውን ያዘ፤ እሱም ተጠረገ። ምክንያቱን እስካገኝ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ስለዚህ እህቴ፣ የሚጠፉትን ኢንዴክሶች ሴት (set፣ ድግግሞሽ የማይይዝ ስብስብ) ውስጥ አድርጊ። ከዚያ በኢኑመሬት (enumerate፣ እያንዳንዱን ከነኢንዴክሱ የሚሰጥ) እየዞርሽ ሴቱ ውስጥ የሌለውን ብቻ ወደ አዲስ ሊስት ውሰጂ።

ከኋላ ጀምሪ ባዩ፦ ድግግሞሽ ከሆነ እኔም ሴት አድርጌ እደረድራለሁ። አዲስ ሊስት ግን የራሱ ጣጣ አለው። ሌላ ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) አሮጌውን ሊስት ይዞ ከሆነ ለውጡን አያይም።

አዲስ ሊስት ባይዋ፦ ይሄ እውነት ነው፣ እቀበላለሁ። ያኔ ከሊስቱ ስም ቀጥሎ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ኮለን ብቻ አድርጋ ውጤቱን እዚያ ትመድበዋለች። ሊስቱ ያው ራሱ ሆኖ ይዘቱ ብቻ ይቀየራል።

ሌላ ተሳታፊ፦ መጠኑንም እዩ። እያንዳንዱ ዴል ከኋላው ያለውን ሁሉ ያንቀሳቅሳል። ከ100,000 ግማሹን ለማጥፋት አንድ ዙር የሚበቃው አዲስ ሊስት ይሻላል። ለአንድ ለሁለት ግን ዴል ምን አለው?

ጠያቂዋ፦ አዲሱን ሊስት ሞከርኩት፤ 10፣ 30፣ 40 ሰጠኝ። በ4 ፈንታ -1 (በፓይተን የመጨረሻው ቦታ ማለት ነው) ሳስገባ ግን 50 አልጠፋም።

አዲስ ሊስት ባይዋ፦ ኢኑመሬት ከ0 ጀምሮ ስለሚቆጥር -1ን አያገኘውም። አስቀድመሽ የሊስቱን ርዝመት ደምሪበት፤ 5 ሲደመር -1፣ 4 ይሆናል።