ሐዋሳ ከገቡ በኋላ የልጆች እንቅስቃሴና አመጋገብ

ከሚኒሶታ የቀረበ ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። በመጪው ክረምት ጓዛችንን ጠቅልለን ሐዋሳ፣ እናቴ ቤት አጠገብ ልንገባ ነው። ሴት ልጄ 13፣ ወንዱ 11 ዓመቱ ነው። እዚህ ከትምህርት በኋላ ኳስና ዋና ስላላቸው ስለ እንቅስቃሴያቸው ተጨንቄ አላውቅም። ባለፈው ዓመት ሐዋሳ ለሁለት ወር በቆየንበት ጊዜ ግን ከሶፋ አልተነሱም፤ በየዘመዱ ቤትም የሚቀርብላቸው ለስላሳ ነበር። ቀድማችሁ የገባችሁ ይህን ነገር እንዴት ተወጣችሁት?

ምላሽ ከሐዋሳ፦

ወደ አገር ቤት ለመመለስ በመወሰንዎ ደስ ብሎናል። እኛ ከገባን 4 ዓመት ሆነን፤ ልጆቻችን ያን ጊዜ በእርስዎ ልጆች ዕድሜ ነበሩ። የጠየቁት ጉዳይ በመጀመሪያው ዓመት ክፉኛ የፈተነን ስለሆነ ረዘም አድርጌ ብጽፍ ይቅርታዎ አይለየኝ።

ከውጭ የመጣ ልጅ እዚህ ከእንቅስቃሴ የሚርቀው ከስንፍና ይልቅ በእንክብካቤ ብዛት ነው። እኛ እንደገባን ለትምህርት ቤት ኮንትራት ባጃጅ ያዝንላቸው። ባጃጁ ጠዋት በር ላይ ይቆማል፣ ቦርሳቸውን የቤት ሠራተኛዋ ታቀብላቸዋለች፣ ከሰዓት በኋላም እዚያው በር ላይ ያወርዳቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በአማካይ በቀን ቢያንስ 60 ደቂቃ መካከለኛና ጠንካራ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ የእኛዎቹ ግን ያኔ የዚያን ሩብ እንኳ አያገኙም ነበር። ትምህርት ቤቱ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው፤ ባጃጁን ትተን በእግር ሲመላለሱ፣ ፈጠን ብለው ከተራመዱ፣ መሄጃና መመለሻው ብቻ የዕለቱን አብዛኛውን ድርሻ ሸፈነላቸው። ከተማችን ሜዳ ስለሆነ ለብስክሌትም የተመቸ ነው።

ሆኖም «በእግራችሁ ሂዱ» ብሎ ማዘዝ ብቻውን አልሠራልንም። ነገሩ የተለወጠው እኔ ራሴ አብሬያቸው ስወጣ ነው። ቅዳሜ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ታቦር ተራራ መውጣት ጀመርን። በመጀመሪያው ቀን ልጄ ግማሽ መንገድ ላይ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ከጫማዋ ጠጠር ስታራግፍ፣ እኔም ትንፋሼ ተቆራርጦ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ከታች የተዘረጋውን ሐይቅ እያየን ሳንነጋገር ብዙ ቆየን። በሳምንቱ «ዛሬ ከዚያ ድንጋይ እናልፋለን» ያለችው እሷ ናት። አሁን ከሰፈር ልጆች ጋር ስለሚወጡ እኔ ወደ ኋላ ቀርቻለሁ፤ በዚህ ዕድሜ እንዲያ መሆኑ ተገቢ ይመስለኛል። ዋናን በተመለከተ ግን ሐይቁ ውስጥ አያስገቧቸው፤ በዳርቻው ቢልሃርዚያ አለ፣ ጉማሬም አለ። የሆቴል መዋኛ ገንዳ ይሻላል።

በምግብ በኩል የቤታችን ገበታ ብዙም አላስቸገረን። እንጀራ በምስር፣ በሽሮና በጎመን፣ ከሐይቁ ዳር ከአሞራ ገደል የተገዛ ቆሮሶ ዓሣ፣ ቆጮ በአይብ፣ እነዚህ ሁሉ መልካም ናቸው፤ ቆጮ ፕሮቲኑ አነስተኛ ስለሆነ ብቻውን እንዳይቀርብ ብቻ ያስቡበት። ያስቸገረን ለስላሳው ነው። 330 ሚሊ ሊትር ኮላ 35 ግራም ያህል ስኳር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በምክሩ ከእንዲህ ያለው ስኳር የሚገኘው ኃይል ከዕለቱ 10 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል፤ ይህም በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ልጅ 50 ግራም ገደማ ነው። እሑድ ሦስት ዘመድ ቤት የገባ ልጅ እንግዲህ የሁለት ቀን ድርሻውን ጠጥቶ ይመለሳል። ዘመድን ማስቀየም ስለማይቻል፣ እኛ ልጆቹ ፊት ምንም ሳንናገር አስቀድመን እየደወልን «ውሃና ፍራፍሬ ይበቃቸዋል» ማለት ለመድን።

እናቴን ማሳመን ግን ወራት ፈጀ። ለእሳቸው ልጅ በላ የሚባለው ጉርሻ እምቢ ሲል ሳይሆን ጉርሻው ሲያልቅ ነው። እኔ ደግሞ ምን እንደሚቀርብና መቼ እንደሚቀርብ ወላጅ ይወስን፣ ምን ያህል እንደሚበላ ግን ለልጁ ይተውለት የሚለውን የአመጋገብ ባለሙያዎች ምክር ይዤ ነበር። ክርክሩ ያበቃው ልጆቹን ኩሽና አስገብተው እንዲያስተምሯቸው ስለምናቸው ነው። ወንዱ ልጄ ሽሮውን ሳይጓጉልበት አማስሎ ያወጣ ቀን አያቱ እልል አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ምሳ ዕቃውን የሚቋጥረው እሱ ነው፣ ለእረፍት ሰዓቱም በችብስ ፋንታ የሽንብራ ቆሎ ይይዛል።

አንድ ነገር ግን አደራ እልዎታለሁ። እዚህ ትልልቅ ሰዎች «ወፈርሽ፣ አማረብሽ» የሚሉት በፍቅር ነው፤ «ከሳሽ» የሚሉትም ከልብ ተጨንቀው ነው። ውጭ ያደገች የ13 ዓመት ልጅ ግን ሁለቱንም እንደ ነቀፋ ትሰማቸዋለች። እኔም በዚያ ላይ ሚዛን ገዝቼ በየሳምንቱ እመዝናት ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እራቷን ሳትጨርስ «ጠግቤያለሁ» እያለች መነሳት ጀመረች፤ የእጄ ሥራ መሆኑን የተረዳሁት ሚዛኑ ላይ ከመውጣቷ በፊት ሹራቧን ስታወልቅ አይቼ ነው። ሚዛኑን የዚያኑ ዕለት ከቤት አስወጣሁት። አሁን ስለ ጉልበት፣ ስለ እንቅልፍና ትንፋሽ ሳያጥር ዳገት ስለመውጣት እናወራለን እንጂ ስለ ኪሎ አናነሳም። ዘመዶቻችንም በልጆቹ ሰውነት ላይ አስተያየት እንዳይሰጡ አንድ በአንድ፣ በአክብሮት ለምነናቸዋል።

ተጨማሪ ጥያቄ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ልጄ ከገባን በኋላ ከአያቷ ጋር ዐቢይ ጾምን መጾም ፈልጋለች፤ ትጎዳብኝ ይሆን?

ምላሽ፦

የእኔዋም ትጾማለች። 55 ቀን ረጅም ስለሆነ ገበታው በምስር፣ በሽንብራ፣ በሰሊጥና በጎመን የተሟላ ይሁን። ሻይ በምግብ ላይ ሲጠጣ የብረት ማዕድን ከምግቡ እንዳይዋሐድ ያደርጋል፤ የወር አበባ ለጀመረች ልጅ ደግሞ ብረት እጅግ ያስፈልጋታል፤ ስለዚህ ሻዩን ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ያርቁላት። ቫይታሚን ቢ12 በተፈጥሮው ከእንስሳት ውጤቶች የሚገኝ በመሆኑ ከጾሙ በፊትና በኋላ እንቁላልና ወተት አይጓደልባት። እስከ ስንት ሰዓት መዋል እንዳለባት ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ፣ እሷም ባለችበት ይሁን። ጾሙን በያዘችበት ሰሞን የታቦሩን ዳገት ትታችሁ አመሻሽ ላይ ሐይቁ ዳር ብትሄዱ ይበቃል።