የአባቴ ቮልስ ወይስ ቪትዝ?

ጥያቄ፣ የሳሪሷ
ሰላም ናችሁ? አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቮልስ ትቶልኛል። እ.ኤ.አ. የ1966 ስሪት ናት፣ 1300 ሞተር። ትነሳለች፣ ትሄዳለች። ባለቤቴ "ሽጠናት ቪትዝ እንግዛ" ይላል። ጠዋት ሁለት ልጆች ትምህርት ቤት አድርሼ ፒያሳ ሥራ እገባለሁ። አንጀቴ እምቢ ብሎኛል። እስቲ ትዝታውን ትታችሁ መኪናዎቹን ብቻ አወዳድሩልኝ።

ጋሽ ካንዴላ
ልጄ፣ ቮልስ ስፈታ ነው ያረጀሁት። ደግ መኪና ናት። ራዲያተር የላትም፤ ከኋላ ያለው ሞተሯ በንፋስ ነው የሚቀዘቅዘው። ግን ማራገቢያውም ዲናሞውም የሚዞሩት በአንዲት ቺንጋ፣ በጎማ ቀበቶ ነው። እሷ ተበጥሳ ዳሽቦርዱ ላይ ቀዩ መብራት ቦግ ካለ እዚያው ቁሚ። "ቤት ልድረስ" ያለ ሰው ሞተሩን አቃጥሎ ነው የሚደርሰው። ትርፍ ቺንጋ፣ 21 ቁጥር ቁልፍና ካቻቢቴ ከመኪናዋ አይጥፉ። ቤንዚን የሚያስተላልፈውን የጎማ ቱቦም ቶሎ ቶሎ ቀይሪ። ቮልስ የሚነደው እሱ ተሰንጥቆ ትኩስ ሞተር ላይ ሲያንጠባጥብ ነው።

የሚያሳስበኝ ፍሬኗ ነው። የ66ቷ የፍሬን ዘይት መስመር አንድ ብቻ ነው። ዘይቱ በአንድ ጎማ በኩል ካፈሰሰ የአራቱም ፍሬን ይሄዳል። ከእንጦጦ ስትወርጂ ይህን አስቢ።

ቪትዝ ነጂ
እኔ የመጀመሪያውን ስሪት ቪትዝ ነው የምነዳው፣ 1000 ሲሲ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው የቮልስ ካርቡራተር ይህን አያውቅም፤ ቤንዚን ይበዛበትና ካንዴላው ይጠቁራል። የኔዋ አየሩን በሴንሰር ለክታ ነው ቤንዚን የምትረጨው። ሞተሯ ትንሽ ሆኖ እንኳ 70 ፈረስ ጉልበት ገደማ አላት፤ የአባትሽ 40 ናት። "ነፍስ የላትም" ይሏታል። ይሁን! ጠዋት 12፡30 ላይ ነፍስ ሳይሆን መነሳቷን ነው የምፈልገው።

ስትገዢ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መሆኑን ጠይቂ፤ ከሆነ መካኒክ ዳሽቦርዱን ከሥር ይየው። በዋጋ ደግሞ እንዳትደነግጪ። በ2016 ዓ.ም. የቤንዚን የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ቪትዝ ኮርታለች።

ሸጦ የተጸጸተ
እኔ ሸጥኩ። አሁን መንገድ ላይ ቮልስ ሳይ አንገቴን አዙራለሁ። በቃ።

ጋሽ ካንዴላ
ከመወሰንሽ በፊት የኋላ መቀመጫውን አንሺ። ባትሪው እዚያ ሥር ነው። ወለሉ በአሲድ ይበላል። የመቀመጫው ሽቦ ደግሞ ሰው ሲቀመጥበት የባትሪውን ጫፍ ከነካ ያጨሳል።

የሳሪሷ
አነሳሁት። ከባትሪው ሥር ላሜራው አልቆ መሬቱ ይታያል። ልጆቼን እዚህ ላይ ነው ሳስቀምጥ የከረምኩት! ለትምህርት ቤቱ ቪትዝ እንፈልጋለን፣ ባለቤቴ ረታ። ቮልሷን ግን አልሸጥም። ጎበዝ ላሜራ ሠራተኛ የምታውቁ ጠቁሙኝ፤ ስቱኮ ለጥፎ ቀለም የሚቀባ ሳይሆን ቆርጦ የሚበይድ።