ኮንትራቱ ካልታደሰ አንኢምፕሎይመንት (የሥራ አጥነት ክፍያ) ይገባኛል?

ጥያቄ፦ አሜሪካ ውስጥ በስታፊንግ ኤጀንሲ (ሠራተኛ ለሌላ ድርጅት በሚመድብ አሠሪ) በኩል የአይቲ ኮንትራክተር ነኝ፤ ክፍያዬ በደብልዩ-2 (እንደ ተቀጣሪ) ነው። ኮንትራቱ በወር መጨረሻ ካልታደሰ ማመልከት እችላለሁ? የጤና ኢንሹራንሱስ?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ ደብልዩ-2 ከሆነ አመልክት። በ1099 (በራስህ እንደምትሠራ ተቋራጭ) ቢሆን መደበኛው አንኢምፕሎይመንት አይሸፍንህም ነበር። ፎርሙ ላይ አሠሪ ብለህ የምትሞላው ኤጀንሲውን ነው፤ ብዙ ሰው የምትሠራበትን ድርጅት ጽፎ ማመልከቻው ይጓተትበታል። ዋናው ነገር ግን፣ ኮንትራቱ እንዳለቀ ለኤጀንሲው «ሌላ ምደባ ለመቀበል ዝግጁ ነኝ» ብለህ ኢሜይል ላክ። በብዙ ስቴቶች ይህን ያላደረገ በፈቃዱ እንደለቀቀ ይቆጠርበታል። ከግል ኢሜይልህ ላከው፤ የሥራው አካውንት ሊዘጋ ይችላል።

መልስ 2፦ ኮብራን (በሥራ ያገኘኸውን የጤና ኢንሹራንስ ራስህ እየከፈልክ ማስቀጠልን) ለመምረጥ 60 ቀን አለህ፤ ከመረጥክ ሽፋኑ ካቆመበት ቀን ጀምሮ ይታሰባል። አሠሪው ይከፍል የነበረውም አንተው ላይ ስለሚመጣ ይከብዳል፤ መጀመሪያ ከማርኬትፕሌስ (ግለሰቦች የጤና ኢንሹራንስ ከሚገዙበት የመንግሥት መድረክ) ጋር አወዳድር።

መልስ 3፦ በኤች-1ቢ (የሥራ ቪዛ) ከሆንክ ሥራው ካቆመ በኋላ አሜሪካ መቆየት የምትችለው ቢበዛ 60 ቀን ነው፤ አይ-94 (እስከ መቼ እንደምትቆይ የሚገልጸው መዝገብ) ቀድሞ ካለቀ እስከዚያ ብቻ።