ጃምቢያኒ ነን፤ ባሕሩ ሲሸሽ ምን እንሥራ?

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴንና ልጆቼን ይዤ ዛንዚባር ነው ያለሁት። ያረፍነው በምሥራቁ ዳርቻ፣ ጃምቢያኒ የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ውስጥ ነው። መንደሯ ታምራለች፤ ሰዎቿም ደጎች ናቸው። የቸገረን ባሕሩ ነው። ጠዋት ደጃፋችን ድረስ የነበረው ውሃ ከሰዓታት በኋላ ሸሽቶ ሸሽቶ ከዓይን ይርቃል። ልጆቹ መዋኘት አምሯቸዋል፤ የቀረው ውሃ ግን ቁርጭምጭሚት እንኳ አይደርስም።

ትናንት ሴቶቹ የባሕር ሣር ወደሚያለሙበት ወረድን። አጫጭር እንጨቶች አሸዋው ላይ ይተክሉና ገመድ ይወጥራሉ፤ ሣሩን በትንሽ በትንሹ ያስሩበታል። እናቴ አብራቸው ቁጭ ብላ ስታስር ዋለች። (ያለ ጫማ ግን እንዳትሞክሩት፤ ጥቁር እሾሃም የባሕር እንስሳ ሞልቷል።)

አሁን ግራ ገብቶኛል። እናቴን ጉልበቷን ያማታል። ጆዛኒ ደን ገብቶ ቀያዮቹን ጉሬዛዎች ለማየት ብዙ መራመድ አለው? የዛንዚባር ከተማ አሮጌው ክፍል ወደሆነው ስቶን ታውን ሄዳ የባሪያ ገበያ በነበረበት ቦታ ላይ የተሠራውን ካቴድራል ማየትም በጣም ትፈልጋለች። ደርሶ መልሱ በአንድ ቀን አያደክማትም? ኩዛ ዋሻ ውስጥ ያለው ውሃስ ለልጆች ይሆናል?

ወይስ ጓዛችንን ጠቅልለን ወደ ሰሜን፣ ወደ ኑንግዊ እንሂድ? እዚያ ውሃው ያን ያህል አይሸሽም። እኔ ግን ይህችን መንደር መልቀቅ አልፈልግም። በእናታችሁ፣ ልጆች ይዛችሁ የሄዳችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።