ለደኅንነትና ጤንነት አማካሪ ኮሚቴ የሠራተኛ ተወካዮችን እንዴት እናስመርጥ? (180 ሠራተኛ፣ ሦስት ፈረቃ)

ማለዳ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው በሰው ሀብት አስተዳደር ውስጥ ነው። ድርጅታችን የሙያ ደኅንነትና ጤንነት አማካሪ ኮሚቴ እንዲያቋቁም ተወስኖ የሠራተኛ ተወካዮችን የመሰየሙ ሥራ ለእኔ ተሰጥቶኛል። ጠቅላላ ሠራተኛው 180 ነው፦ ምርት 96 (በሦስት ፈረቃ፣ በየፈረቃው 32)፣ ጥገና 14፣ መጋዘን 22፣ ጽዳትና ምግብ ቤት 22፣ ቢሮ 26። የሠራተኛ ማኅበር የለንም። ሥራ አስኪያጁ «እያንዳንዱ የክፍል ኃላፊ አንድ ጎበዝ ሰው ይላክ፣ በአንድ ቀን ያልቃል» ይላሉ።

ስንት ተወካይ ይበቃል? ምርጫ የግድ ነው ወይ? ከሆነ ፈረቃ ባለበት እንዴት ይካሄዳል? የመሰየሚያ ደብዳቤው ላይስ ምን ይጻፍ?

ሚዛን

ሰላም ማለዳ። ከሁሉ በፊት የአገርዎን የሥራ ሕግና በሥሩ የወጣውን መመሪያ አውጥተው ያንብቡ። ኮሚቴ የግድ የሚሆንበትን የሠራተኛ ብዛት፣ የአባላቱን ቁጥርና ስብሰባው በየስንት ጊዜው እንደሚደረግ የሚወስኑ አገሮች አሉ። ሕጉ ካስቀመጠው ማነስ አይቻልም፤ መብለጥ ግን ይቻላል።

ምርጫውን በተመለከተ፦ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሙያ ደኅንነትና ጤንነት ስምምነት ቁጥር 155ን ሲያወጣ አብሮ ምክረ ሐሳብ ቁጥር 164ን አውጥቷል። ምክረ ሐሳቡ በጋራ ኮሚቴ ውስጥ የሠራተኛው ወገን ቢያንስ ከአሠሪው ወገን ጋር እኩል ውክልና እንዲኖረው ይላል። የክፍል ኃላፊ መርጦ የሚልከው ሰው ከሠራተኛው ወንበር ላይ ቢቀመጥም የሚወክለው ኃላፊውን ነው። ነገሩ የሰውየው ጉብዝና አይደለም። ኮሚቴው ሊያነሳቸው የሚገባው ትልልቆቹ አደጋዎች ብዙውን ጊዜ ኃላፊው የሚያውቃቸው፣ ማሽን ከማቆም ብሎ የተዋቸው ናቸው። ሽፋኑ ተፈትቶ የሚሠራ ማሽን አለ እንበል፤ ሽፋኑ ካልተፈታ የታነቀውን ዕቃ ለማውጣት ጊዜ ይፈጃል፣ የቀኑ ምርት ይጎድላል። ኃላፊው የላከው ሰው ይህን በኃላፊው ፊት አያነሳም። ስለዚህ ቃለ ጉባኤው በሥራ ልብስና በመታጠቢያ ቤት ጉዳይ ይሞላል፤ ማሽኑ እንደተከፈተ ይቀጥላል። ሥራ አስኪያጁን ሲያነጋግሩ «መብት ነው» ብቻ አይበሏቸው፤ እንዲህ ያለ ኮሚቴ የሚያመጣላቸው መረጃ እንደሌለ ያስረዷቸው። በአንድ ቀን የሚያልቀው ለዚህ ነው።

በቁጥሩ ላይ የእኔ ሐሳብ 6 የሠራተኛ ወንበር ነው፦ ምርት 3፣ ጥገና 1፣ መጋዘን 1፣ ቢሮና ጽዳት በጋራ 1። ከአሠሪው በኩል 4 ይበቃል።

ቢጫ ቆብ

ከሚዛን ጋር በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ቢሮንና ጽዳትን አንድ ማድረጉን ግን እቃወማለሁ። 26 የቢሮ ሠራተኛና 22 የጽዳትና ምግብ ቤት ሠራተኛ አንድ ላይ ድምፅ ከሰጡ ወንበሩ ሁልጊዜ የቢሮው ነው። አደጋው ያለው ግን ከሌላው ዘንድ ነው። በረኪናን አሲድነት ካለው የመጸዳጃ ማጽጃ ጋር የሚቀላቅል ሰው ክሎሪን ጋዝ ይተነፍሳል፤ ምግብ ቤት ውስጥ የጋለ ዘይትና የሚያዳልጥ ወለል አለ። ወንበር የሚከፋፈለው በአደጋ ዓይነት ነው፤ የሰው ብዛት የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። 14 ሰው ብቻ ያለው ጥገና የራሱ ወንበር የተሰጠውም በዚሁ ምክንያት ነው፦ ኤሌክትሪክ፣ ብየዳ፣ ከፍታ ላይ መሥራት፣ ማሽን ውስጥ እጅ ማስገባት ሁሉም እነሱ ዘንድ ነው። ስለዚህ 7 አድርጉት፣ ቢሮ የራሱን ይምረጥ።

ከአሠሪው ወገን የሚቀመጡት 4 ሰዎች ገንዘብና ሥራ ማዘዝ የሚችሉ ይሁኑ፦ ሥራ አስኪያጁ ወይም ምክትላቸው፣ የምርት ኃላፊ፣ የጥገና ኃላፊ፣ የግዢ ኃላፊ። ግዢ ብዙ ቦታ ይረሳል፤ ጓንቱን ከነመጠኑና ከነዓይነቱ የሚወስነው ግን ግዢ ነው። ለማሟሟቻ ኬሚካል የጨርቅ ጓንት የሚገዛ ሰው ስብሰባው ላይ ቁጭ ብሎ መስማት አለበት።

ምልዓተ ጉባኤውን በጥቅሉ «ከግማሽ በላይ» ብላችሁ እንዳትተዉት። ከ11 አባላት 6ቱ ይበቃሉ ከተባለ የሠራተኛ ተወካዮች ብቻቸውን ሊሰበሰቡና ምንም የሚያስፈጽም ሰው ላይኖር ይችላል። «ከሠራተኛው ቢያንስ 4፣ ከአሠሪው ቢያንስ 2» ተብሎ ይጻፍ።

የሥራ ተቋራጭ ሠራተኞች ካሏችሁ፣ ለምሳሌ ጥበቃ ወይም ጭነት፣ ድምፅ የሌለው ተጋባዥ ተወካይ ይኑራቸው። በእናንተው ግቢ ነውና የሚጎዱት።

ጠጋኙ

ስለ ፈረቃው ልጨምር። ፈረቃችሁ የሚዟዟር ከሆነ «የሌሊት ፈረቃ ተወካይ» የሚል ወንበር አትፍጠሩ። ተመራጩ በሚቀጥለው ሳምንት ቀን ይገባና ሌሊት ተወካይ የለውም። ወንበሩ የቡድን ይሁን፦ ቡድን ሀ፣ ቡድን ለ፣ ቡድን ሐ። ቡድኑ በየትኛውም ሰዓት ቢገባ ተወካዩ አብሮት ይዞራል።

የጊዜ ሰሌዳው ሦስት ሳምንት ይበቃል። በመጀመሪያው ሳምንት ማስታወቂያና የመራጮች ዝርዝር ይለጠፋል፣ ስሙ የጎደለ ይጨመራል። በሁለተኛው ጥቆማ፤ ሰው ራሱንም መጠቆም ይችላል፣ ፈቃደኝነቱን ግን ይፈርም። በሦስተኛው የእጩዎች ዝርዝር ይወጣል፣ ሁለት ቀን ለቅሬታ ይሰጣል፣ ከዚያ ድምፅ። የመቅጠር፣ የማሰናበት ወይም የመቅጣት ሥልጣን ያለው ሰው፣ ሱፐርቫይዘርንም ጨምሮ፣ በሠራተኛው በኩል አይመርጥም፣ አይመረጥም።

ድምፅ የሚሰጠው በፈረቃ ቅብብል ላይ ነው። ከቅብብሉ 30 ደቂቃ በፊት ሳጥኑ ይከፈታል፣ ከቅብብሉ 30 ደቂቃ በኋላ ይታሸጋል። በ24 ሰዓት ውስጥ ሦስት ቅብብል ስላለ እያንዳንዱ ቡድን ሲገባም ሲወጣም ያገኘዋል፤ አንዱ ቢያመልጠው ሁለተኛው አለ። ቡድኖች ሁሉ ሥራ ላይ የሚሆኑበትን ቀን ምረጡ፤ የአንዱ ቡድን ዕረፍት ቀን ላይ እንዳይወድቅ። አስመራጮቹ ሦስት ሰው ይሁኑ፣ እጩ ያልሆኑ። በየቅብብሉ መካከል ሳጥኑ በወረቀት ታሽጎ ሦስቱም ማሸጊያው ላይ ይፈርሙና ቁልፍ ባለው ቁም ሣጥን ይቀመጥ።

ወረቀቱ ላይ ቁጥር አይጻፍ፣ የመራጩ ፊርማ መዝገቡ ላይ ብቻ ይሁን። ለየመራጭ ክፍሉ የተለያየ ቀለም ያለው ወረቀት ተጠቀሙ፤ በአንድ ሳጥን ውስጥ ቢገባም ሲቆጠር አይምታታም። ማንበብ የሚያስቸግረው ሰው ካለ የእጩው ፎቶ ወይም ምልክት ከስሙ ጎን ይኑር። ቆጠራው የመጨረሻው ቅብብል ካለቀ በኋላ፣ ሁሉም ተደባልቆ ነው። ጥገና 14 ሰው ነው፤ በአንድ ፈረቃ አራት ወይም አምስት ቢገቡና በየፈረቃው ቢቆጠር ማን ማንን እንደመረጠ በቀላሉ ይታወቃል። በመጨረሻ የታተመው ወረቀት ብዛት ከተሰጠው፣ ከተበላሸውና ከተረፈው ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት። ካልሆነ ውጤት አይለጠፍም።

ሁለተኛ የወጣው ሰው የዚያው ክፍል ተለዋጭ አባል ይሆናል። ተለዋጭን በዚሁ ምርጫ ካልያዛችሁት አንድ ሰው በለቀቀ ቁጥር እንደገና መምረጥ ሊኖርባችሁ ነው።

ንቁ ዓይን

ደብዳቤው ላይ ብዙዎች «በኮሚቴው አባልነት ተሰይመዋል» ብለው ያበቃሉ። ችግሩ የሚመጣው ተወካዩ ማሽኑን ትቶ ስብሰባ ሲሄድ ነው፤ ሱፐርቫይዘሩ «ማን ፈቀደልህ?» ሲል የሚያሳየው ነገር ያስፈልገዋል። እንዲህ ቢጻፍ ጥሩ ነው፦

«ጉዳዩ፦ የደኅንነትና ጤንነት አማካሪ ኮሚቴ አባልነትዎን ስለማሳወቅ

በ… ቀን በተካሄደው ምርጫ የምርት ክፍል ቡድን ለ ሠራተኞች ተወካይ ሆነው ስለተመረጡ ከ… እስከ … ድረስ ለ2 ዓመት በኮሚቴው አባልነት ያገለግላሉ። ለዚህ ተግባር በወር ቢያንስ 6 የሥራ ሰዓት ከመደበኛ ሥራዎ ነፃ ይሆናሉ፤ ሰዓቱ ሙሉ ክፍያ ይከፈልበታል። ወደ ሥራ ቦታዎች ገብተው የመመልከት፣ ከሠራተኞች ጋር በሥራ ሰዓት የመነጋገር፣ የአደጋ መዝገብን የማየት፣ አደጋ ሲደርስ በማጣራቱ ላይ የመገኘትና የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪን የማነጋገር መብት አለዎት። ይህን ተግባር በመፈጸምዎ ምክንያት ከሥራ መሰናበት፣ ያለፈቃድ መዛወር ወይም የክፍያ መቀነስ አይደርስብዎትም። ተለዋጭዎ … ናቸው።

ግልባጭ፦ ለምርት ክፍል ኃላፊ፣ ለቡድን ለ ሱፐርቫይዘር፣ ለደመወዝ ክፍል»

6 ሰዓቱ ከየት መጣ ቢባል፦ 2 ለስብሰባ፣ 2 ለሥራ ቦታ ጉብኝት፣ 2 ሠራተኛውን ለማነጋገርና ለመመዝገብ። የደመወዝ ክፍል ግልባጭ እንዳይቀር፤ ካልደረሰው የሰዓት መቆጣጠሪያው ላይ የጎደለውን አይቶ ይቆርጣል። ከመብቶቹ አብዛኞቹ በምክረ ሐሳብ 164 ውስጥ ያሉ ስለሆኑ ሥራ አስኪያጁ ከየት አመጣችሁት ካሉ መነሻ አላችሁ።

የአደጋ መዝገብ ሲሰጣቸው የሕክምና ዝርዝሩ ይነሳ። ለኮሚቴው የሚያስፈልገው ምን፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ማሽን የሚለው ነው፤ የሰውየው ምርመራ ውጤት የግሉ ነው።

ማለዳ (ጠያቂ)

በጣም አመሰግናለሁ፣ ሥራ አስኪያጁ ምርጫውን ተቀብለዋል። ሁለት ነገር ግን ገጠመኝ። መጋዘን ውስጥ አንድም ሰው አልተጠቆመም። የሴፍቲ ኦፊሰራችን ደግሞ ሰብሳቢ ልሁን እያሉ ነው። ምን ትመክራላችሁ?

ቢጫ ቆብ

መጋዘኑ ውስጥ ሰው በሹመት እንዳታስቀምጡ። ጥቆማውን 7 ቀን አራዝሙና ለምን እንደቀሩ ጠይቁ። መጋዘን ውስጥ ብዙ ጊዜ ክፍያ ወይም ጉርሻ የሚታሰበው በተጫነና በተራገፈ ዕቃ ነው፤ ሁለት ሰዓት ስብሰባ የተቀመጠ ሰው ገቢው ይቀንሳል፣ ባልደረቦቹም የእሱን ሥራ ይሸከማሉ። ደብዳቤው «ሙሉ ክፍያ» ማለቱ መነሻ ደመወዙን ብቻ እንዳይመስላቸው፣ የስብሰባ ሰዓቱ ባለፉት 3 ወራት አማካይ ገቢ እንደሚታሰብና በምትኩ ሰው እንደሚመደብ ጽፋችሁ ለጥፉ። ከዚያ አንድ ሰው ብቻ ከቀረበ ያለ ተፎካካሪ ማለፉ ይመዝገብ፤ ችግር የለውም።

የሌሊት ቡድን ተወካይም ተመሳሳይ ችግር አለበት። ሌሊቱን የሠራ ሰው ረፋድ ላይ ለስብሰባ ከተጠራ እንቅልፉን ይከፍላል። ስብሰባውን ቅብብል ላይ አድርጉት፣ ከሰዓቱ ውጭ የመጣበትም እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጠር።

ሚዛን

የሴፍቲ ኦፊሰሩ ሰብሳቢ ባይሆኑ ይሻላል። ኮሚቴው የሚገመግመው በአብዛኛው እሳቸው የሚመሩትን ሥራ ነው። ድምፅ የሌላቸው የሙያ አማካሪና ጸሐፊ ይሁኑ። ሰብሳቢነቱ በየስድስት ወሩ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይዙር።

ንቁ ዓይን

በመጀመሪያው ዓመት መዞሩ ላይ እለያለሁ። በጀት የሚፈርሙት ሰው ሰብሳቢ ሆነው፣ ምክትሉ ከሠራተኛው ወገን ሆኖ አጀንዳውን እሱ ቢያዘጋጅ ነገር ቶሎ ይፈጸማል። ልምዱ ሲደላደል መዞር ይቻላል። የማንስማማበት ይህ ብቻ ነው፤ ኦፊሰሩ ሰብሳቢ አይሁኑ የሚለው ላይ አንድ ነን።

ይልቅ በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ይህን አስገቡ፦ ኮሚቴው ያቀረበው ምክር በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ ያገኛል፤ ከተቀበሉት ማን እስከ መቼ እንደሚፈጽመው፣ ካልተቀበሉት ምክንያቱ። አማካሪ ኮሚቴ አያዝም፤ ኃላፊነቱም ከአሠሪው አይወርድም። መልስ የማያገኝ ከሆነ ግን በሁለተኛው ምርጫ እጩ አታገኙም። አፋጣኝ አደጋ ደግሞ ስብሰባ አይጠብቅም። ሕይወትን ወይም ጤንነትን ክፉኛ ከሚያሰጋ አደጋ በበቂ ምክንያት የሸሸ ሠራተኛ ያልተገባ እርምጃ እንዳይወሰድበት ስምምነት 155 ራሱ ይጠብቀዋል። ይህንንም ደንቡ ላይ ጻፉት።

ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት ሥልጠና ይኑር፣ በሥራ ሰዓት። የአደጋ ምንጭ መለየት፣ የኬሚካል መረጃ ወረቀት ማንበብ፣ የመከላከያውን ቅደም ተከተል ማወቅ፦ አደጋውን ማስወገድ፣ በሌላ መተካት፣ በሽፋን ወይም በአየር ማስወጫ መለየት፣ በአሠራር መቆጣጠር፣ ጓንትና መነጽር መጨረሻ ላይ። ይህን የማያውቅ ተወካይ ሁልጊዜ የሚጠይቀው ጓንት ነው።

ጠጋኙ

አንድ የቀረ ነገር፦ ወንበር መቼ ባዶ እንደሚሆን ከአሁኑ ይጻፍ። ተወካዩ ሥራ ሲለቅ፣ ወደ ሌላ ቡድን ሲዛወር፣ ሱፐርቫይዘር ሆኖ ሲያድግ፣ ወይም ያለ ምክንያት ሦስት ተከታታይ ስብሰባ ሲቀር ተለዋጩ ይገባል። የተወካይ ዝውውር በጽሑፍ ስምምነቱ ብቻ ይሁን። ሰባቱም በአንድ ቀን እንዳይወጡ በመጀመሪያው ዙር በዕጣ ሦስቱ 3 ዓመት፣ አራቱ 2 ዓመት ያገልግሉ፤ የደብዳቤዎቹ ቀንም በዚሁ ይስተካከል። ውጤቱ እንደታወቀ ስማቸው፣ ፎቶአቸውና ቡድናቸው በሰዓት መቆጣጠሪያው አጠገብ ይለጠፍ።

ማለዳ (ጠያቂ)

ተባረኩ። የመጋዘኑን ማስታወቂያ ከነአማካይ ክፍያው ዛሬ አወጣለሁ፣ ደብዳቤውንም ለደመወዝ ክፍል ግልባጭ አድርጌ አዘጋጃለሁ።