በጣና ዳር ሰፊ ግቢ ላይ ለውሾች የሚቀበር ሽቦ የሞከረ አለ?

ማንጎ በጣና ዳር፦

ሰላም ቤተሰብ። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሚወስደው መንገድ ሐይቁ ዳር ስድስት ቃዳ ገደማ መሬት አለኝ፣ 1.5 ሄክታር መሆኑ ነው። ማንጎ፣ ጌሾና ትንሽ ቡና አለበት። ውሾቼ ሦስት ናቸው፣ ሁለት ወንድ አንድ ሴት። በሦስት በኩል ያለውን የእንጨት አጥር ምስጥ በልቶ ጨርሶታል፣ በአራተኛው በኩል ያለው ውኃው ነው።

ባለፈው ሳምንት በጠዋት ጎረቤቴ ደጄ ድረስ መጣ። ጋቢውን ገለጥ ሲያደርግ ግልገል ታቅፏል። ጆሮዋ እስከ ግማሹ ተቀዷል፣ ደሙ ጋቢው ላይ ደርቋል። አልተቆጣም። «አንተው እያት» ብሎ ዝም አለ፤ ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ደግሞ በዳርቻው እንጨት ተሸክመው ወደ ከተማ የሚያልፉ እናቶች አሉ፣ ነገ አንዷን ቢነክሱብኝ ምን እላለሁ?

ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ማሰር አልፈልግም። ታስሮ የዋለ ውሻ ክፉ ነው የሚሆነው። ውጭ ያለች እህቴ መሬት ውስጥ የሚቀበረውን ሽቦ እልክልሃለሁ ብላኛለች። የግቢው ዙሪያ 500 ሜትር ነው። ይሠራል ወይ? መብራት ሲጠፋስ? በሐይቁ በኩልስ እንዴት ነው የሚደረገው?

ሽቦ ዘርጊው፦

ወንድሜ፣ ሥራዬ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ነው፣ ይህን ዕቃ ሁለት ግቢ ላይ ገጥሜዋለሁ። ይሠራል፣ ግን ምን እንደሆነ አውቀህ ግባበት። ቤት ውስጥ ሶኬት ላይ የምትሰካ ትንሽ ሳጥን አለች። ከእሷ የሚወጣው ሽቦ ግቢውን ዞሮ ተመልሶ እዚያው ሳጥን ላይ ይገባል፤ የትም ቦታ ከተበጠሰ ሁሉም ይቆማል። ሽቦው ደካማ ሲግናል ብቻ ስለሚሸከም አይነዝርም። ልጅ ቢረግጠው፣ በሬ ቢቆምበት ምንም የለም። የሚነዝረው ውሻው አንገት ላይ ያለው ቀበቶ ነው፤ ወደ ሽቦው ሲጠጋ መጀመሪያ ጢጥ ይላል፣ ካልተመለሰ ቆንጠጥ ያደርገዋል።

ከሳጥኗ እስከ ድንበሩ ያለውን ሽቦ፣ ሄያጁንና ተመላሹን፣ አንድ ላይ ግመዳቸው። ሲገመዱ ሲግናላቸው እርስ በርሱ ስለሚጠፋፋ ውሾቹ እላዩ ላይ እንደልባቸው ይመላለሳሉ። ከመብራት መስመር ጋር ጎን ለጎን አታስኪደው፣ መሻገር ካለበትም በመስቀለኛ ይሻገር።

ጥልቀቱ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። እኛ ጋ የሚያስቸግረው አፈሩ ነው። ዋልካ ከሆነ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ ስለዚህ ወጥረህ የቀበርከው ሽቦ መጋቢት ላይ ሳትደርስ ይበጠሳል። ላላ አድርገህ ቅበረው። መቀጠያውን ደግሞ በናስትሮ ብቻ እንዳትጠቀልል አደራ። አንዱ ግቢ ላይ ከእኔ በፊት የሞከረው ሰው እንደዚያ አድርጎት ነበር፤ ቆፍሬ ሳወጣው ውኃ ገብቶበት መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል፣ በጣቴ ስነካው ተፈረፈረ። ውስጡ ቅባት ያለው፣ ውኃ የማያስገባ ማያያዣ አለ፤ እህትህ ከዕቃው ጋር እሱንም ትላክ። ማረሻ በሚደርስበት አትቅበር። ፍልፈል የሚበዛበት ቦታ ካለ በፕላስቲክ ቱቦ አሳልፈው።

መብራት ሲጠፋ ሳጥኗም ትቆማለች። ብዙ ኃይል ስለማትበላ ትንሽ ባትሪና ኢንቨርተር ይበቃታል። መብረቅ ሲጀምር ግን ከሶኬቱም ከሽቦውም ንቀላት፣ ያ ሁሉ ሽቦ መሬት ውስጥ ተዘርግቶ መብረቅ አቅራቢያው ከወደቀ ሳጥኗን ያቃጥላታል።

አባይ ማዶ፦

እኔ ስጠቀምበት ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ስለ ሽቦው ከላይ በደንብ ተነግሯል። ስለ ውሻው ልንገርህ፣ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነውና። ሽቦ ቀብሮ ቀበቶ አስሮ መልቀቅ በደል ነው። ውሻው ከየት እንደተቆነጠጠ አያውቅም፣ ያኔ አንተን ወይም በዚያች ሰዓት ያየውን መንገደኛ ይጠረጥራል።

ሽቦው በሚያልፍበት መስመር ትንንሽ ነጭ ባንዲራ ትከል። በቀን ሁለት ሦስቴ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ብቻ፣ በገመድ ይዘኸው ወደ ባንዲራው ሂድ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድምፁ ብቻ ይሁን። ጢጥ ሲል ሳብ አድርገህ መልሰው፣ ሲመለስ ጎበዝ በለው፣ ቁራሽ ሥጋ ስጠው። ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል፣ ለእያንዳንዱም ለየብቻ ነው። የእኔ ቦቢ በሦስተኛው ቀን ባንዲራው ጋ ደርሶ የፊት እግሩን እንዳነሳ ቆመ፣ ዞር ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ራሱ ተመለሰ። እዚያው ቁጭ ብዬ አቀፍኩት።

ቀበቶውን ከ12 ሰዓት በላይ እንዳታቆይበት። ሁለቱ የብረት ጥርሶች አንገቱን ያቆስላሉ። አንድ ጣት በመሃል የሚያስገባ ይሁን፣ ማታ ስታወልቀው አንገቱን በእጅህ ዳብሰህ እይ።

ደግሞ ጅብ ቀበቶ የለውም! ሽቦው የአንተን ውሻ ያስቆማል እንጂ ከውጭ የሚመጣውን ምንም አያስቆምም። ጅብ ሲመጣ ውሻህ ደንግጦ መስመሩን ጥሶ ቢወጣ፣ መልሶ ለመግባት ድምፁን ይፈራና እውጭ ይቀራል። እኔ ሲመሽ ቤት አስገብቼ እዘጋባቸዋለሁ። እብድ ውሻም እንዲሁ ሰተት ብሎ ይገባል፣ ስለዚህ የዓመት ክትባታቸውን እንዳትዘነጋ። ወንዶቹን አኮላሻቸው፣ ሴት የሸተተው ወንድ ጢጥታውን አይሰማም።

የወረታው፦

እኔ አልስማማም። በደንብ የተማረ ውሻም በግ ሲሮጥ ካየ ቁንጥጫውን ችሎ ያልፋል። ኮሽም ትከልበት፣ በሁለት ሦስት ክረምት ድመት የማያሳልፍ አጥር ይሆንልሃል፣ ፍሬውም ይበላል። ሕጉንም እወቀው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 ላይ እንስሳው በድንገት ከእጅህ ቢያመልጥም ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል። መብራት ጠፍቶ ነው ብትል አይሰማህም።

ማንጎ በጣና ዳር፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሐይቁ በኩል ግን አልገባኝም። ሽቦው ተመልሶ ሳጥኗ ላይ መግባት አለበት ከተባለ በውኃው ውስጥ ላሳልፈው?

ሽቦ ዘርጊው፦

በውኃው ውስጥ አታሳልፈው፣ ዳርቻው ይሸሽብሃል። ጣና በግንቦትና በሰኔ ዝቅ ይላል፣ ከፍ የሚለው በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ነው። አሁን ዳር ነው ብለህ የቀበርክበት ጥቅምት ላይ ውኃ ውስጥ ይገባል፣ ወይም በተቃራኒው ውኃው ሸሽቶ ውሾቹ በባሕር ሸሹ በኩል ዞረው ይወጣሉ። የጥቅምቱ ውኃ የደረሰበትን ምልክት ፈልግ፣ ከእሱ በላይ ሁለት ሦስት ሜትር ገባ ብለህ አራተኛውን ጎን እዚያ ዝጋው። ያኔ ከሐይቁ ዳር ራቅ ስለሚሉ የምትላቸው እናቶችም በሰላም ያልፋሉ። የሐይቁን ጎን ክፍት ትቼ በሦስቱ ብቻ ልመልሰው ካልክ ደግሞ ሄያጁና ተመላሹ ሽቦ ቢያንስ 1.5 ሜትር ይራራቁ፣ ከተጠጋጉ ሲግናሉ ይጠፋል።

ማንጎ በጣና ዳር፦

ገባኝ። አራቱንም ጎን እዘጋለሁ። ለእህቴ 500 ሜትሩን ብቻ ነግሬያት ነበር፣ ለሚገመደውና ለሚላላው ብዬ አሁን 650 አድርጊው አልኳት። በጎረቤቴ በኩል ዘንድሮ ክረምት ኮሽም እተክላለሁ፣ ሽቦው ከውስጥ በኩል ይሆናል። ዕቃው እስኪመጣ ውሾቹ ሌሊት ቤት ውስጥ ናቸው፣ ቀን በገመድ እኔው አዞራቸዋለሁ። ግልገሏን የእንስሳት ሐኪም ጋ ወስጃት ጆሮዋ ተሰፍቷል፣ ዛሬ ስጠይቅ ሣር ጀምራለች አሉኝ። አባይ ማዶ፣ እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ሴቷ ገና አምስት ወሯ ነው፣ ከወንዶቹ ጋር ላስጀምራት ወይስ ትቆይ?

አባይ ማዶ፦

ትቆይ። ስድስት ወር ይሙላት። እስከዚያ ያለ ቀበቶ በገመድ ይዘህ ባንዲራውን አለማምዳት፣ «ነይ» ስትላት መምጣትን ብቻ ትማር።